ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለ መሄዳችንና በዚያ ስላየነው የስድስተኛ ክፍል ትምህርት

ሰው ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ሕንፃውን፣ ጐዳናውንና ገበያውን አይቶ ሲመለስ ይህንኑ ለወዳጆቹ ማውራቱ የቆየ ልማድ ነው። እኛም ፍርድ ቤቶች ለክረምት ዕረፍት በሚዘጉበት ወራት፣ ከነሐሴ 2017 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ፣ እኅታችንን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ አገር ሄደን ሳለ ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አይተናል። ነገር ግን ከታላላቆቹ ሕንፃዎች ሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው በእኅታችን ቤት በምግብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያገኘነው አንድ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ነው። የዚህ ገጽ አንባቢዎች የቤተ ሰብና የልጆች አስተዳደግ ነገር የሚያሳስባችሁ ስለ ሆናችሁ፣ ያየነውን በቅደም ተከተል ልንገልጥላችሁ ወደድን።

ከአዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላን ያወረደን በቨርጂንያ ግዛት ባለው በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከዚያም በመኪና ሆነን ፖቶማክ የሚባለውን ወንዝ ተሻግረን እኅታችን ወደምትኖርበት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረስን። የቦታው ስም በአማርኛ የብር ምንጭ ማለት ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ ሰው በፈረስ ሲዘዋወር በማዕድን ቅንጣት ምክንያት እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ምንጭ አገኘና ስሙ ከዚያ ወጣ ይባላል።

ቦታው በሜሪላንድ ግዛት ሆኖ ከመንግሥቱ መቀመጫ ከዋሽንግተን ጋር በሰሜን በኩል ይዋሰናል። የሕዝቡ ብዛት ከተማ የሚያሰኘው ቢሆንም የራሱ ከንቲባ የለውም፤ የሚተዳደረው በሞንትጎመሪ አውራጃ ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹም የአውራጃው ናቸው። በፌንተን መንገድና በጆርጂያ ጐዳና ስናልፍ በፊደላችን የተጻፉ የምግብ ቤትና የሱቅ ሰሌዳዎች አየን። በዚያ አገር አንድ ሰው አማርኛ ብቻ እየተናገረ እንጀራውን ገዝቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ከወዳጁም ጋር ተጨዋውቶ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ይህን ባየን ጊዜ እኅታችን እንግድነት አይከብዳትም ብለን ደስ አለን። ነገር ግን ለገበያ የሚበቃው ቋንቋ በትምህርት ቤት ደጃፍ ምን ያህል እንደሚያጥር ገና አላወቅንም ነበር።

እኅታችንና ባልዋ ወደዚያ አገር የገቡት ከአራት ዓመት በፊት ዲቪ በሚባለው ዕጣ ነው። እርስዋ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሌሊቱን ስትሠራ ታድራለች፤ ባልዋም ቀኑን ሙሉ መኪና እየነዳ ሰው ያመላልሳል። አንዲቱ ልጃቸው 11 ዓመቷ ሲሆን፣ እኛ በደረስን በሳምንቱ ስድስተኛ ክፍል ገባች።

ስድስተኛ ክፍል በዚያና በእኛ ዘንድ አንድ ዓይነት ትርጕም የለውም። በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ ስምንተኛ ክፍል አድርጎት ነበር፤ በአሁኑ ሥርዓት ግን ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆኖ ተደልድሏል። ስለዚህ ስድስተኛ ክፍል ለእኛ ልጆች ተፈትነው የሚሰናበቱበት ደጃፍ ነው። በሞንትጎመሪ አውራጃ ግን ስድስተኛ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን የያዘው የመካከለኛ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ነውና የሚገቡበት ደጃፍ ነው። ልጁ እስከ አምስተኛ ክፍል አብዛኛውን ቀን ከአንድ መምህር ጋር ይውል የነበረ ሲሆን፣ በስድስተኛ ክፍል ግን ደወል በተደወለ ቍጥር ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከመምህር ወደ መምህር ይዘዋወራል። ለመጻሕፍቱም ማኖሪያ በቍጥር የሚከፈት ቍልፍ ያለው ሣጥን ይሰጠዋል። የእኅታችን ልጅ ይህን ቍልፍ ለመልመድ በቤት ውስጥ ሌላ ቍልፍ ይዛ ሁለት ቀን ስትለማመድ አይተናል።

ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ሕፃኒቱ አንድ እቅፍ ወረቀት ይዛ ገባች። ሁሉም ለወላጆች የተጻፈ ነው። አንደኛው ድንገተኛ ሕመም ቢደርስ የሚጠራውን ሰው ስምና ስልክ ይጠይቃል። ሁለተኛው የቤተ ሰቡ ገቢ ተመዝኖ ምሳ በነጻ ወይም በቅናሽ ስለሚሰጥበት ሁኔታ ነው። ሌላው ትምህርት ቤቱ ለተማሪው ስለሚያውሰው ኮምፒዩተር አጠባበቅ፣ ሌላውም በትምህርት ሰዓት ስልክ ስላለመነካካት ይናገራል። ልጅ በቀረ ጊዜ ወላጁ ምክንያቱን እንዲያስታውቅ የሚያዝም አለ፤ በሜሪላንድ ሕግ ልጅ ከ5 ዓመቱ ጀምሮ 18 ዓመት እስኪሞላው መማር ግዴታ ነውና። የትምህርቱ ዓመት 180 ቀን ነው፤ ከዚህ ከዐሥር አንዱን፣ ይኸውም 18 ቀን የቀረ ልጅ ዘወትር ከሚቀሩት ይቈጠራል። ደግሞም ልጆቹ ወደ ሰባተኛ ክፍል ከማለፋቸው በፊት ሊከተቡት ስለሚገባ ክትባት አስቀድሞ የሚያሳስብ ወረቀት ነበረበት።

እኅታችን ከሌሊት ሥራዋ ተመልሳ እንቅልፍ እያንገላታት ሳለ፣ ሕፃኒቱ ጣቷን በየወረቀቱ ግርጌ እያኖረች «እማዬ፣ እዚህ ላይ ፈርሚ፤ እዚህም ላይ» ትላታለች፤ እርስዋም ትፈርማለች። እኛ ዕድሜያችንን በፊርማና በማኅተም መካከል ያሳለፍን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነንና ይህ ነገር አሳሰበን። ሆኖም እንግዳ የቤት ጌታ አይሆንምና ዝም አልን።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ወደ ማታ ጠራ። እኅታችን ሥራ ስለምትገባ እኛ ከሕፃኒቱ ጋር ሄድን። ሥርዓቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ወላጅ የልጁን የሰዓት ሰሌዳ ይዞ ልጁ ቀን በሚዘዋወርበት በየክፍሉ ጥቂት ደቂቃ እየተቀመጠ፣ መምህራኑ የዓመቱን ትምህርት ሲገልጡ ይሰማል። በዚያች በአነስተኛ ወንበር ላይ በተቀመጥን ጊዜ የየኔታ ጥላ ትዝ አለን። እኛ ፊደል የቈጠርነው፣ ዳዊትም የደገምነው ታናሹም ታላቁም በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ የቀደመው የኋለኛውን እያስጠና፣ ሁሉም በየራሱ ድምፅ እየጮኸ ነው። በዚያ ግን ልጆቹ አራት አራት ሆነው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ያነበቡትንም በቃል ከማነብነብ ይልቅ «ይህን ያልሁት ጽሑፉ እንዲህ ስለሚል ነው» እያሉ ማስረጃ እንዲያቀርቡ ይለማመዳሉ። ይህስ ከፍርድ ቤት ክርክር ምን ይለያል ብለን በልባችን ሣቅን።

የሒሳብ መምህርዋ ደግሞ በስድስተኛ ክፍል ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል፣ ከዜሮ በታች ያሉ ቍጥሮች፣ ያልታወቀውን ቍጥር በፊደል እየተኩ መፈለግ፣ ይልቁንም የአንዱን ነገር ብዛት ከሌላው ጋር ማነጻጸር ዋና ትምህርት መሆኑን አስረዱ። ከዚያም ወደ እኛ ዞር ብለው «እናትዋን ለማግኘት ስፈልግ ቆይቻለሁ» አሉን። እኛ ይህን ለሰላምታ ያህል የተነገረ መስሎን እጅ ነሥተን ወጣን። ሕፃኒቱ ግን በመንገድ ሁሉ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ነገሩ የተገለጠው በሳምንቱ ነው። ከላይ እንደ ተናገርነው ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብዳቤ ነበር። እኅታችን «ልጄ፣ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀች። ሕፃኒቱም «ጐበዝ ተማሪ ነሽ ነው የሚለው፤ ፈርሚና እመልሰዋለሁ» አለች። እናትዋም ደስ ብሏት ግንባርዋን ሳመቻት። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርነው እንግሊዝኛ ደብዳቤውን አንሥተን ብናነበው፣ ሕፃኒቱ አራት የሒሳብ ሥራ አለማስረከቧን፣ በስልክ የተላኩት መልእክቶችም መልስ ማጣታቸውን፣ ስለዚህም ወላጅ ቀርቦ እንዲነጋገር ይጠይቃል። ቀና ብለን ስናያት ፊቷ ተለዋወጠ።

እውነቱን እንናገር ዘንድ መጀመሪያ ቍጣ መጣብን። ነገር ግን ሳንናገር የራሳችን ነገር ትዝ አለን። እኛም ስድስተኛ ክፍል ሳለን ከትምህርት ጠፍተን ወንዝ ስንዋኝ ተይዘን «ወላጅ አምጣ» ተባልን። አባታችንን ስለ ፈራን በገበያ ዕቃ የሚሸከም አንድ ሰው በአንድ ብር ተስማምተን አጎታችን ነው ብለን አቀረብነው። ሰውዬው ግን አጎትነቱ ከልቡ ገባና፣ ጥፋታችንን በሰማ ጊዜ በአስተማሪው ፊት በጥፊ መታን። አባታችን ይህን ሳያውቁ ኖረው አለፉ። በዚህ ገጽ አንባቢዎች መካከልም በተከራየ አጎት ያመለጠ አይጠፋም ብለን እናምናለን። እንግዲህ እኛ አጎት ተከራይተን ያደረግነውን ይህች ልጅ በትርጕም አደረገችው፤ የፈራነውም ነገር አንድ ነው።

በማግሥቱ እናትዋ ተኝታ ሳለች ሕፃኒቱን ወደ መናፈሻ ወስደን በቀስታ ጠየቅናት። እርስዋም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «አጎቴ፣ ሒሳቡን ስላልወደድሁት አይደለም» አለችን። ቀጥላም የመብራቱን ክፍያ ደብዳቤ የምታነበው፣ ከሐኪም ቤት ሲደወል የምትመልሰው፣ ለቤት ኪራዩ ቢሮ የምትጽፈው እርስዋ መሆኗን ነገረችን። አንድ ቀን ስለ አባትዋ መኪና መድን ለመነጋገር ስልክ ይዛ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ነበር፤ ካልቀረቡት ሥራዎች አንዱ የዚያ ቀን ነው። «እማዬ ይህን ብታውቅ ታለቅሳለች፤ ስለዚህ ጐበዝ ነሽ ይላል አልኋት» ስትል እኛም የምንመልሰው አጣን። እኛ ሰነፍ ልጅ አገኘን ብለን ነበር፤ ያገኘነው ግን የቤቱን ጽሕፈት ቤት ብቻዋን የያዘች የ11 ዓመት ጸሐፊ ናት።

በሥራችን ምክንያት ይህ ነገር ለብቻው ቈረቈረን። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 7፣ የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ በሚካሄድበት ጊዜ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጐምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በችሎትም ባለ ጉዳዩ ራሱ የጉዳዩ አስተርጓሚ ሆኖ ሲቀርብ አላየንም፤ ቢቀርብም ማን ያምነዋል? በዚህ ቤት ግን ሕፃኒቱ ተከሳሽም፣ አስተርጓሚም፣ መዝገብ ያዥም ሆና ነበር። ይህም ልጅን ውሸታም ሊያደርጋት ይችላል፤ ውሸታም ባያደርጋትም ከዕድሜዋ በላይ ሸክም ያሸክማታል።

የአገሩ ሕግ ምን ይላል ብለን ጠየቅን። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም በትውልድ አገሩ እንዳያበላልጥ ይከለክላል። በ1974 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ላው እና ኒኮልስ» በሚባለው ክርክር፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እንግሊዝኛ የማያውቁ የቻይና ተወላጅ ልጆች የቋንቋ እርዳታ ሳያገኙ መቅረታቸው ይህን ሕግ መተላለፍ ነው ብሎ ፈረደ። በዚያው በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ወላጆች የልጆቻቸውን የትምህርት መዝገብ የማየት መብት የሚሰጥ ሕግ ወጣ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማያውቁ ሰዎች እንዲያስተረጕሙ የሚያዝ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በ2000 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ እርሱ በ2025 ዓ.ም. ተሽሯል፤ የ1964ቱ ሕግ ግን እንደ ጸና ነው። የሞንትጎመሪ አውራጃ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች የሚያወጡትን ማስታወቂያ ከሚተረጕሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ የእኛው አማርኛ ነው።

ታዲያ ማስታወቂያው በአማርኛ የሚወጣ ከሆነ ለእኅታችን የሚመጣው ሁሉ ስለ ምን በእንግሊዝኛ ሆነ? ምክንያቱን ያገኘነው ከባልዋ ዘንድ ነው። ልጅ ሲመዘገብ በቤት የሚነገረው ቋንቋ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ወረቀት አለ። እርሱም ከአራት ዓመት በፊት «አማርኛ ብዬ ብጽፍ ልጄን ከሌሎቹ ያሳንሱብኛል» ብሎ ፈርቶ፣ በዚያ ወረቀት ላይ «እንግሊዝኛ» ብሎ ጻፈ። ለልጁ ክብር አስቦ የጻፋት አንዲት ቃል እናትዋን ከትምህርት ቤቱ ለይታ አስቀረቻት። በእውነቱ በመዝገብ ላይ የተሳሳተች አንዲት ቃል ስንት ሰው እንደምታንገላታ ከእኛ ከጸሐፊዎች ይልቅ የሚያውቅ የለም።

ነገሩን ለእኅታችን የገለጥንላት ሕፃኒቱ ራሷ እንድትናገር ካደፋፈርናት በኋላ ነው። እኅታችን አልተቈጣችም፤ ልጅዋን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያም ወደ እኛ ዞር ብላ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ አብረኸኝ ግባና አስተርጕምልኝ» አለችን። እኛ ግን እንቢ አልን። በመስከረም መጨረሻ ወደ አገራችን እንመለሳለን፤ እኛ ስንሄድ ያው ሸክም ወደ ሕፃኒቱ ይመለሳል። የሚቀረውን አስተርጓሚ መጠየቅ ይሻላል ብለን መከርናት። እርስዋም ወደ ትምህርት ቤቱ ደውላ፣ በምታውቀው ጥቂት እንግሊዝኛ «አማርኛ አስተርጓሚ እባክዎ» አለች። ይህን ለማለት አራት ዓመት ፈጅቶባታል፤ ለመናገር ግን ከግማሽ ደቂቃ አልበለጠም።

በቀጠሮው ቀን አስተርጓሚዋ በስልክ ሆና ቀረበች። እኛ በአንድ ጥግ ተቀምጠን ዝም አልን። መምህርዋ ያልቀረቡትን ሥራዎች ዘርዝረው፣ ሕፃኒቱ ብዛትን ከብዛት ማነጻጸር እንደሚከብዳት ተናገሩ። አስተርጓሚዋም እንዲህ ብላ ተረጐመችው፦ «ለምሳሌ ለ6 ሰው 4 ሽንኵርት የሚበቃ ከሆነ ለ15 ሰው ስንት ያስፈልጋል የሚለውን ዓይነት ነው፣ እመቤቴ።» እኅታችን ወዲያው «ዐሥር ነዋ! ይህማ የድግስ ሒሳብ አይደለም ወይ?» ብላ መለሰች። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ በተሰማ ጊዜ መምህርዋ ሣቁ፤ ሕፃኒቱም እናትዋን ቀና ብላ አየቻት። በዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሁሉ ትምህርቱን ይበልጥ የምታውቀው እናቲቱ መሆኗን ያን ጊዜ አስተዋልን፤ እስከዚያ ቀን ግን የጠየቃት አልነበረም።

ቀጥላም እኅታችን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «ልጄ በክፍል ውስጥ ያልገባትን ትጠይቃለች ወይ?» መምህርዋም ጥቂት አስበው፣ ስለ ራሷ እምብዛም እንደማትጠይቅ፣ አዲስ ለመጡ ልጆች ግን ዘወትር እንደምትጠይቅላቸው ተናገሩ። በክፍልም አስተርጓሚ ሆና ኖራለች ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ሕፃኒቱ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ቆይታ በሒሳብ እንድትረዳ፣ የቀሩትን አራት ሥራዎች በጊዜው እንድታስረክብ፣ በመዝገቡም ላይ የቤቱ ቋንቋ አማርኛ ተብሎ እንዲታረም። መዝገቡ ሲታረም በዓይናችን አይተን፣ እንደ ልማዳችን ቀኑ እንዲጻፍበት አሳሰብን።

ከመመለሳችን ሦስት ቀን በፊት ከትምህርት ቤቱ አዲስ ደብዳቤ መጣ፤ የተጻፈውም በአማርኛ ነው። አገባቡ ጥቂት የተወላገደ ስለ ነበረ እኅታችን በየመስመሩ እየሣቀች ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያም እስክሪብቶ አንሥታ ማንም ቦታ ሳያመለክታት ፈረመች። ሕፃኒቱ በጠረጴዛው ማዶ ሒሳቧን ትሠራ ነበር፤ ቀናም አላለች።

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ይህ ነገር የባዕድ አገር ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። ማንበብ የማይችሉ እናት፣ ወይም ደብዳቤው የተጻፈበትን ቋንቋ የማያውቁ አያት ከትምህርት ቤት የመጣውን ወረቀት ለልጁ ሰጥተው «ምን ይላል?» የሚሉበት ቤት በከተማችንም በገጠራችንም አለ። የትምህርት ቤት ሹማምንት «ወላጅ አምጣ» ከማለታቸው በፊት፣ ወላጁ በምን ቋንቋ እንደሚሰማ አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው። በውጭ አገር ዘመድ ያላችሁም ስልክ ስትደውሉ ስለ ጤናና ስለ ሥራ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ አንዲት ጥያቄ ጨምራችሁ «ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያነበው ማን ነው?» በሉ። መልሱ «ልጃችን» ከሆነ፣ ለዚያች ልጅ ዕረፍት እንዲሰጧት ምከሩ።